ታብሌቱ የልጁ ነው ወይስ የቤቱ?

   

ወላጆች ከሰላት በኋላ ጠጋ ብለው ደጋግመው የሚጠይቁኝ ጥያቄ አለ። ለትንሽ ልጅ የራሱ ታብሌት ቢኖረው ምን ይላሉ? ይሉኛል። አንዳንዱ ነገሩን ያሳጥረውና ሐራም ነው ሐላል? ይላል። ታብሌት ዕቃ ነው፤ በዕቃነቱ ሐራም አይባልም። ቢላም በየጓዳችን አለ፤ ሐራም ያለው ሰው የለም። ይሁንና የአራት ዓመት ልጅ «የራሱ» ቢላ ያለው ቤት እስከዛሬ አላየሁም። እንግዲህ ልንመረምራት የሚገባን ቃል «የራሱ» የምትለዋን ነው።

በሸሪዓችን ሕፃን ልጅ የንብረት ባለቤት ሊሆን ይችላል። ተወልዶ ሳምንት ያልሞላው ሕፃን አባቱ ቢሞት ይወርሳል፤ ስጦታ ቢሰጠውም ስጦታው የእርሱ ነው። የኡሱል ዑለሞች ይህንን «አህሊየቱል ዉጁብ» ይሉታል፤ ባለመብት ለመሆን ብቁ መሆን ማለት ነው። ነገር ግን ባለመብት መሆን አንድ ነገር ነው፤ በንብረቱ ላይ እንደፈለጉ ማዘዝ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። ለዚህ ለሁለተኛው «አህሊየቱል አዳእ» የሚል ስም አላቸው። ይህኛው ከልጁ ጋር ቀስ በቀስ የሚያድግ ነው። ክፉና ደጉን ገና የማይለይ ልጅ ጨርሶ የለውም። ሰባት ዓመት ገደማ ሆኖት መለየት ሲጀምር «ሙመይዝ» ይባላል፤ ያኔም ቢሆን ንብረቱ በአሳዳጊው ሥልጣን ሥር ነው። ሙሉ በሙሉ በእጁ የሚገባው ባሊግ ከሆነና ማስተዋሉ ከታየ በኋላ ነው።

አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ አን-ኒሳእ በ5ኛውና በ6ኛው አንቀጽ ይህንን ሥርዓት አስተምሮናል። በገንዘብ አያያዝ ማስተዋል የሌላቸው ሰዎች ገንዘብ በእጃቸው እንዳይሰጣቸው፣ ከእርሱ ግን እንዲመገቡና እንዲለብሱ፣ መልካም ንግግርም እንዲነገራቸው ታዟል። የቲሞችም እንዲፈተኑና ቅን ማስተዋል (ሩሽድ) ሲታይባቸው ንብረታቸውን እንዲረከቡ ታዟል። መከልከሉና መልካም ንግግሩ ጎን ለጎን መታዘዛቸውን ልብ በሉልኝ። ልጅ የሚከለከለው እየተንከባከቡት ነው።

ይህ ለእናቶቻችን እንግዳ ነገር አይደለም። ለሴት ልጅ ዐቂቃ አያት የጆሮ ወርቅ ታመጣለች። ወርቁ የሕፃኗ ነው፤ እናቲቱ ለራሷ ልትሸጠው አይገባትም። ይሁንና ለዒድ ታደርግላታለች፣ ማታ ታወልቅላታለች፣ ሳጥኗ ውስጥ ቆልፋ ታስቀምጥላታለች። ለሦስት ዓመት ልጅ ወርቋን አስይዛ መንገድ ላይ እንድትጫወት የምትልክ እናት የለችም። ልጄን በደልኳት ብላ የምትጨነቅም የለችም። ታብሌትን ከዚህ ወርቅ ጋር አንድ ቦታ አስቀምጡት።

ከዚህ የሚከተሉ ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው፦ አጎት ወይም አክስት «ይህ የእገሌ ነው» ብለው ለልጁ የሰጡትን ታብሌት ወላጅ ወስዶ ለሌላ ሰው ሊሰጠው ወይም ሸጦ ገንዘቡን ለራሱ ሊያውለው አይገባም፤ ይዞ ማስቀመጥና መቼ እንደሚነካ መወሰን ግን ሥልጣኑ ነው። ሁለተኛው፦ ወላጅ ራሱ የሚገዛ ከሆነ ከመጀመሪያው «የቤታችን ነው» ይበል። ለአንዱ ልጅ «ያንተ ነው» ካለ ለሌሎቹም ዕዳ ገባ። ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) የኑዕማን ኢብኑ በሺር (ረ.ዐ) አባት ለአንድ ልጁ ብቻ ስጦታ ሊሰጥ ሲል ለሌሎቹም እንዲሁ መስጠቱን ጠይቀውት፣ አለመስጠቱን ሲያውቁ ምስክር ለመሆን እምቢ ማለታቸው በቡኻሪና በሙስሊም ተዘግቧል። አራት ልጆች ባሉበት ቤት አራት ታብሌት የሚገዛው ስንቱ ነው?

አሁን ደግሞ ወደ ዕቃው ጠባይ እንምጣ። ታብሌት ከኳስና ከአሻንጉሊት በምን ይለያል? ዐረቦች ይህንን መሣሪያ «ጂሃዝ ለውሒይ» ይሉታል። ስሙ የመጣው «ለውሕ» ከሚለው ቃል ነው፤ በወሎም በሐረርም በየቁርኣን ቤቱ ልጆች አሊፍ፣ ባእ ያሉበት ሉሕ ማለት ነው። ሉሕ ለልጁ የራሱ ነበር፤ ይዞት ይሄዳል፣ ይዞት ይመጣል። ነገር ግን የዛሬው ትምህርት በኡስታዙ ፊት ተቀርቶ ሳይታረም የነገው አይጻፍበትም። ልጁ ሲያውቀው ይታጠባል፣ ከዚያ አዲስ ይጻፋል። በታብሌቱ ላይ የሚሆነው የዚህ ግልባጭ ነው። አንዱ ቪዲዮ ሳያልቅ ቀጣዩ ተሰልፎ ይጠብቃል፤ ሲያልቅም ማንም ሳያዘው ይጀምራል። ልጁ ገባው ወይስ አልገባው፣ ፈራ ወይስ ሳቀ፣ የሚጠይቀው የለም። ኳስ ልጁን ያደክመዋል፤ ሲደክመውም ይተወዋል። ይህኛው ግን እንዳይተወው ሆኖ የተሠራ ነው፤ ምክንያቱም በነፃ የሚታየው ነገር ገቢው የሚገኘው ከማስታወቂያ ነው። ልጁ በቆየ ቁጥር ማስታወቂያውም ይበዛል። እ.ኤ.አ. በ2019 ጎግልና ዩቲዩብ የሕፃናትን መረጃ ያለ ወላጆቻቸው ፈቃድ ሰብስባችኋል ተብለው በአሜሪካ የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በቀረበባቸው ክስ 170 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማምተዋል። ልጅህ ታብሌቱን ብቻውን ሲያይ የሚያየውም እንዳለ እወቅ።

«እኔ ልጅ ቁርኣን ነው የሚያዳምጠው» የሚሉኝ አሉ። አልሐምዱሊላህ፤ ቁርኣን ለማዳመጥ ግን መስታወቱ አያስፈልግም፤ ድምፁ ይበቃል። ትንሽ ድምፅ ማጉያ ወይም የአባት ስልክ መደርደሪያ ላይ ቢቀመጥ ቤቱ በሙሉ ያዳምጣል። መስታወቱ በልጁ እጅ ካለ ከሱራው እስከ ጨዋታው አንድ ጣት ማንሳት ነው። የፊደላቱ አወጣጥም በኡስታዝ አፍና ጆሮ የሚታረም ነው፤ መሣሪያው ያሰማል እንጂ ቁጭ ብሎ ልጁን አያርምም።

የሕክምና ሰዎችም በዚህ ላይ የሚሉት አላቸው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ አንድ ዓመት ላልሞላው ሕፃን ስክሪን ጨርሶ አይመከርም፤ ለአንድ ዓመት ልጅም እንዲሁ። ከሁለት እስከ አራት ዓመት ላሉት በቀን ከ1 ሰዓት አይብለጥ፣ ባነሰ ቁጥር የተሻለ ነው ይላል። በዚሁ መመሪያ የሦስትና የአራት ዓመት ልጅ በቀን ከ10 እስከ 13 ሰዓት እንቅልፍና ቢያንስ 180 ደቂቃ ወዲያ ወዲህ ማለት ያስፈልገዋል። ጉዳዩ ዓይን ብቻ አይደለም። ልጅ ቋንቋ የሚማረው ሲናገር ከሚመልስለት ሰው ነው። ሁለት ዓመት ያልሞላው ልጅ አንድን ነገር ከቪዲዮ ይልቅ ፊቱ ካለ ሰው በተሻለ እንደሚማር ተመራማሪዎች ደጋግመው አይተዋል። ስክሪኑ የሚወስደው ይህንን ጊዜ ነው፤ ወሬውን፣ ሩጫውንና እንቅልፉን።

አንዳንድ ወላጅ ልጄ ከጊዜው ወደኋላ ይቀራል ብሎ ይሠጋል። ለዚህ ስጋት እዚሁ አገራችን የተደረገ ነገር መልስ ይሰጠናል። እ.ኤ.አ. በ2012 «አንድ ላፕቶፕ ለአንድ ልጅ» የተባለ ድርጅት በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ ትምህርት ቤት በሌለባቸው ሁለት መንደሮች ለልጆች ታብሌት አደለ። አስተማሪ አልነበረም። ልጆቹ ከዚያ በፊት እንዲህ ያለ ዕቃ አይተው አያውቁም። ካርቶኑን ራሳቸው ከፈቱ፣ ማብሪያውን ራሳቸው አገኙ፤ ጥቂት ወራት ሳይሞላ ተዘግቶ የነበረውን ካሜራ ሳይቀር ከፍተው መጠቀም እንደጀመሩ የድርጅቱ ሰዎች ተናግረዋል። ይህን ሰምቶ ብዙ ሰው ተደነቀ፤ እኔም ተደንቄያለሁ፤ የሁለት ዓመት ሕፃን እጅ ላይ ለማስቀመጥ ግን ማስረጃ አይሆነኝም። ምንም ያላየ የገጠር ልጅ በወራት ውስጥ ከቻለው፣ በሦስት ዓመቱ ያልጀመረ የከተማ ልጅ በዘጠኝ ዓመቱ ይቸገራል ብሎ መፍራት ምን ያስፈልጋል? ደግሞም ወላጅ የዘጋውን መቆለፊያ ልጅ እንደሚከፍተው ከዚሁ እንማር። በመቆለፊያ ብቻ አትተማመኑ።

ታዲያ መቼ ነው በእጁ የሚሰጠው? ቁርኣን ፈትኑ ብሎናል፤ ፈተናው በቤት ውስጥ የሚታይ ነው። «በቃ፣ ዝጋው» ሲባል ሳያለቅስ ይዘጋል ወይ? የሚያስፈራ ወይም የሚያሳፍር ነገር ሲመጣበት ሮጦ ለእናቱ ይነግራል ወይስ ታብሌቱን ይደብቃል? ለእህቱ ተራ ይሰጣል ወይ? አዛን ሲል ራሱ ያስቀምጠዋል ወይ? ይህ የታየበት ልጅ ትንሽ ትንሽ ይጨመርለት። ሰላትን እንኳ በሰባት ዓመቱ እንድናዘው፣ በአሥር ዓመቱ ጠበቅ እንድናደርግበት ነው ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ያስተማሩን። በመሐል ሦስት ዓመት ልምምድ አለ። ታብሌቱን በአንድ ቀን ሙሉ በሙሉ የምናስረክበው ለምንድን ነው?

እዚህ ላይ እናቶችን መውቀስ አልፈልግም። ግቢ በሌለው በአንዲት ክፍል የኪራይ ቤት፣ ጀበናውም ምጣዱም ልጁም አንድ ላይ ባሉበት፣ ልጁን ለግማሽ ሰዓት ጸጥ የሚያደርግ ነገር ስታገኝ ብትይዘው አይፈረድባትም። እኔ የማዝነው በአባቶች ነው። ከሥራ ገብቶ እስከ ዒሻ ስልኩ ላይ አንገቱን ደፍቶ የሚቀመጥ አባት ልጁን «ዝጋ» ሲል ልጁ የሚያየው አንገቱን እንጂ ምላሱን አይሰማም። በረመዳን በተራዊሕ ሰዓትም ከኋላ ሰፍ የካርቱን ሙዚቃ ሲሰማን ታብሌቱን አስይዞ ያመጣው ብዙ ጊዜ አባት ነው።

ቤቱ ውስጥ ታብሌት ካለ እንዲህ አድርጉ። የመክፈቻ ቁጥሩ በወላጅ እጅ ይሁን፤ ቻርጅ የሚደረገውም በወላጆች መኝታ ክፍል ይሁን። የልጁ ሰዓት ከዐስር ሰላት በኋላ ተጀምሮ ከመግሪብ በፊት ይለቅ፤ ሰዓት ማንበብ የማይችል ልጅ እንኳ አዛን ያውቃል። የሚታየው አስቀድሞ ይመረጥ፣ ይውረድ፣ ከዚያ ኢንተርኔቱ ይዘጋ። ማዳመጫ በጆሮው አይሰካ፤ ጓዳ ያለችው እናት ትስማው። ከዱባይም ሆነ ከሌላ አገር የመጣ ያገለገለ ዕቃ ከሆነ የቀድሞው ባለቤት ሥዕልና አካውንት በሙሉ ሳይጠፋ ለልጅ አይሰጥ። «ዝም ካልክ ነገ እሰጥሃለሁ» እያሉ ማባበልም ይቅር። አንዲት እናት ልጇን ና ልስጥህ ብላ ስትጠራ ነቢያችን (ሰ.ዐ.ወ) ምን ልትሰጪው ነው ብለው ጠይቀዋታል፤ ተምር ስትላቸው ባትሰጪው ኖሮ ውሸት ሆኖ ይጻፍብሽ ነበር ማለታቸውን አቡ ዳውድ ዘግበዋል።

ከሁሉ የሚከብደኝ ጥያቄ የመጨረሻው ነው። እናት ጂዳ ወይም ሪያድ ትሠራለች፤ ልጇ እዚህ ከአያቱ ጋር ነው። ታብሌቱን የላከችው እርሷ ናት፤ ልጁ የእናቱን ፊት የሚያየውም በእርሱ ነው። ይህንን ይነጠቅ የሚል ሰው እናትነትን አያውቅም። ይህ ዝምድናን መቀጠል ነው። የአሜሪካ የሕፃናት ሐኪሞች አካዳሚም እ.ኤ.አ. በ2016 ባወጣው ምክር ከ18 ወር በታች ላሉ ሕፃናት ስክሪን ሲከለክል የቪዲዮ ጥሪን ለይቶ ፈቅዷል፤ በዚያኛው ጫፍ የሚመልስ ሰው አለና።

ችግሩ የሚመጣው ጥሪው ካለቀ በኋላ ነው። አያት ዕቃውን መክፈት አያውቁም፤ የአምስት ዓመቱ ልጅ ያውቃል። ስለዚህ በቤቱ ውስጥ አዛዡ እርሱ ይሆናል፤ አያትም «እናቱ የላከችለት ነው» ብለው ለመንካት ይፈራሉ። እህቴ ሆይ፤ ድካምሽንና ናፍቆትሽን አላህ ያውቀዋል። ዕቃውን ስትልኪ ግን በልጅሽ ስም አትላኪው፤ በእናትሽ ስም ላኪው። ለልጅሽም በራስሽ አንደበት «የእማማ ነው፣ እኔና አንተ ልንነጋገርበት ነው» በይው። የመክፈቻ ቁጥሩን የምታውቅ አንዲት የታመነች አክስት ወይም ጎረቤት ትኑር። ሳዑዲና አገራችን የሰዓት ልዩነት የላቸውም፤ ሥራሽ የሚፈቅድልሽን አንድ ሰዓት ቁረጪ፣ ልጁም በዚያ ሰዓት ጠብቆ ይቀመጥ። ተነጋግራችሁ ስትጨርሱ «አሁን ለእማማ ስጣቸው» የሚለውን ቃል ከአንቺ ይስማ፤ ለእርሳቸው ሲያቀብልም እያየሽ ዝጊው።