ጨረር ለማን፣ መቼ፣ ምን ያህል? የፊንጢጣ ካንሰር የጨረር ሕክምና ዳሰሳ

የፊንጢጣ ካንሰር ብዙ ጊዜ ከትልቁ አንጀት ካንሰር ጋር በአንድነት ይጠራል፤ ሕክምናው ግን ይለያል፤ የሚለየውም በቦታው ምክንያት ነው። የትልቁ አንጀት የመጨረሻዎቹ 15 ሳንቲሜትር ገደማ የሚያርፉት በዳሌ አጥንት በተከበበ ጠባብ ስፍራ ውስጥ ነው። ከፊታቸው የሽንት ፊኛ፣ በወንድ ፕሮስቴት፣ በሴት ማህፀን አለ፤ በጎንና በጎናቸው ደግሞ ሽንትንና የወሲብ ተግባርን የሚያዝዙ ቀጫጭን ነርቮች ያልፋሉ። ዕጢው ከፍ ብሎ ሆድ ውስጥ ቢሆን ቀዶ ሐኪሙ ግራና ቀኙን ሰፋ አድርጎ ይቆርጣል። እዚህ ግን የሚሰፋበት ቦታ የለውም። በጥቂት ሚሊሜትር ልዩነት የቀረ የካንሰር ርዝራዥ ዳሌ ውስጥ ያገረሻል፤ ያገረሸውን ደግሞ ማዳን ከመጀመሪያው እጅግ ይከብዳል። ጨረር የገባው ይህን ክፍተት ለመድፈን ነው። ላለፉት ዐሥርት ዓመታት የተሠሩትን ጥናቶች ተከታትሎ ላነበበ ሰው ግን ጨረሩ በበዛ ቁጥር ጥቅሙ አብሮ አልበዛም። ለሚያስፈልገው ታማሚ፣ ከቀዶ ሕክምናው አስቀድሞ፣ በልኩ ሲሰጥ ነው ውጤቱ ጎልቶ የታየው።

የመጀመሪያው ጠንካራ ማስረጃ የመጣው ከስዊድን ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 የታተመው ጥናት ከ1,100 በላይ ታማሚዎችን በዕጣ ለሁለት ከፈለ። ግማሾቹ በቀጥታ ቀዶ ሕክምና ተደረገላቸው፤ ግማሾቹ በየቀኑ 5 ግሬይ፣ በአንድ ሳምንት 25 ግሬይ ጨረር ከወሰዱ በኋላ ወዲያው ቀዶ ሕክምና አደረጉ። በአምስት ዓመት ውስጥ ካንሰሩ እዚያው ዳሌ ውስጥ ያገረሸባቸው ጨረር ካልወሰዱት 27 በመቶ፣ ከወሰዱት 11 በመቶ ሆኑ። በሕይወት የቆዩትም ከ48 ወደ 58 በመቶ ከፍ አሉ። ወዲያው ግን ብርቱ ተቃውሞ ተነሣ፤ ጨረሩ የሸፈነው የቀዶ ሕክምናውን ጉድለት ነው የሚል። ተቃውሞው መሠረት ነበረው። እንግሊዛዊው ቀዶ ሐኪም ቢል ሂልድ ባሲንግስቶክ በተባለች ከተማ ሲሠራ፣ ፊንጢጣውን ከከበበው ስብና ስቡን ከሸፈነው ስስ ልባስ ጋር ሳይቀደድ አንድ ላይ ማውጣት እንደሚቻል አሳይቶ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1982 ያሳተመው ይህ ዘዴ ካንሰሩ ዳሌ ውስጥ እንዳያገረሽ በብዙ የሚረዳ ሆኖ ተገኘ። ታዲያ ቀዶ ሕክምናው እንዲህ ከተሻሻለ ጨረር ለምን ያስፈልጋል?

መልሱን ሆላንዳውያን ፈለጉት። ከ1,800 በላይ ታማሚዎች በተካፈሉበት ጥናት ቀዶ ሐኪሞቹ የሂልድን ዘዴ አስቀድመው እንዲሠለጥኑ ተደረገ፤ ከዚያ የታማሚዎቹ ግማሽ የአምስት ቀኑን ጨረር ወሰዱ። እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣው ውጤት ሁለቱንም ወገን በከፊል ትክክል አደረገ። በሁለት ዓመት ውስጥ ያገረሸው ያለ ጨረር 8.2፣ በጨረር 2.4 በመቶ ነበር። ጥሩ ቀዶ ሕክምና አብዛኛውን ሥራ ሠርቷል፤ ጨረሩም የቀረውን ቀንሷል። በጠቅላላው በሕይወት የመቆየት ዕድል ላይ ግን ልዩነት አልታየም። ይህን ይዘው ዕድሜ ካልጨመረ ጥቅሙ ምንድን ነው የሚሉ አሉ። እኔ በዚህ አልስማማም። ዳሌ ውስጥ ያገረሸ ካንሰር ነርቭና አጥንት ሲነካ በቀላል ማስታገሻ የማይበርድ ሕመም ያመጣል፤ ሽንትና ሰገራ መቆጣጠርን ያሳጣል፤ ሰውን በሰው መካከል እንዳይቀመጥ ያደርገዋል። ይህን ማስቀረት በራሱ ሕክምና ነው። ሆኖም ከ100 ታማሚዎች ስድስት ያህሉን ለመታደግ መቶውም ጨረር መውሰዳቸው ሌላ ጥያቄ ይወልዳል፤ የቀሩትን ምን ያህል እንጎዳለን የሚል።

ጉዳቱ በጊዜው ላይም ይወሰናል። ጀርመናውያን እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተሙት ጥናት ጨረርንና ኬሞቴራፒን አንድ ላይ ከቀዶ ሕክምና በፊት መስጠትን ከቀዶ ሕክምና በኋላ ከመስጠት ጋር አወዳደሩ። አስቀድመው የወሰዱት ላይ ያገረሸው 6፣ በኋላ የወሰዱት ላይ 13 በመቶ ሆነ፤ ከባድና ዘላቂ ጉዳት የደረሰባቸውም አስቀድመው ከወሰዱት 14፣ በኋላ ከወሰዱት 24 በመቶ ነበሩ። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ከቀዶ ሕክምና በፊት ዕጢው ደም እንደልብ ስለሚደርሰው ኦክስጅን አለው፤ ኦክስጅን ያለው ሕዋስ ደግሞ በጨረር ይበልጥ ይጎዳል። ፊንጢጣው ከወጣ በኋላ ግን ባዶ ወደቀረው ቦታ ትንሹ አንጀት ይወርድና ጨረሩ እሱንም ያገኘዋል። ከዚህ ወዲህ ሁለት መንገዶች ጸኑ። አንዱ የአምስት ቀኑ አጭር ሕክምና ነው። ሌላው 50 ግሬይ ገደማ ጨረር ከመለስተኛ ኬሞቴራፒ ጋር አምስት ሳምንት ተኩል ለሚሆን ጊዜ ማከፋፈል ነው። በረጅሙ መንገድ ታማሚው ከሰኞ እስከ ዓርብ ይመላለሳል፤ ፊኛው ሞልቶ ይተኛል፤ ቆዳው ላይ በተነቀሱ ጥቃቅን ነጥቦች አቀማመጡ ይስተካከላል፤ ማሽኑ ዙሪያውን ዞሮ በደቂቃዎች ውስጥ ይጨርሳል። በዕለቱ ምንም አይሰማውም። ተቅማጡ፣ ቶሎ ቶሎ መጸዳዳቱና ሽንት ማቃጠሉ የሚመጡት ከሳምንታት በኋላ ነው፤ ሰገራን ሙሉ በሙሉ አለመቆጣጠር፣ የወሲብ ችግር፣ በሴቶች ላይ ቀድሞ የሚመጣ የወር አበባ መቋረጥና መካንነት ደግሞ ለዓመታት ሊቆዩ ይችላሉ። ልጅ መውለድ ለምትፈልግ ወጣት ይህ ከመጀመሪያው ቀን በፊት በግልጽ ሊነገራት ይገባል።

ከዚህ በኋላ ነገሩ በሁለት አቅጣጫ ሄደ። በአንድ በኩል ጨረርና ሙሉ ኬሞቴራፒ ሁለቱም ከቀዶ ሕክምናው በፊት እንዲሰጡ ተደረገ። ራፒዶ የተባለው ጥናት የአምስት ቀኑን ጨረርና ተከታዩን ኬሞቴራፒ ከተለመደው ረጅም መንገድ ጋር ሲያነጻጽር፣ ከሕክምናው በኋላ በተወገደው አካል ላይ አንድም የካንሰር ሕዋስ ያልተገኘባቸው ታማሚዎች ከ14 ወደ 28 በመቶ ከፍ አሉ። ይህ ቀደም ሲል የብራዚሏ ቀዶ ሐኪም አንጀሊታ ሃብር ጋማ ያነሳችውን ጥያቄ አጸና፤ ዕጢው ጠፍቶ ከሆነ ፊንጢጣውን ለምን እናወጣለን? እ.ኤ.አ. በ2004 ባሳተመችው ሥራ ከ265 ታማሚዎች መካከል ዕጢው ሙሉ በሙሉ የጠፋባቸው 71 ሰዎች ያለ ቀዶ ሕክምና በቅርብ ክትትል ብቻ ቆይተዋል። በወቅቱ ብዙዎች ድፍረት ነው ብለው ነበር። ኋላ ግን ኦፕራ የተባለው የአሜሪካ ጥናት ጨረሩን አስቀድመው ኬሞቴራፒውን ካስከተሉት ታማሚዎች ግማሽ ያህሉ ከሦስት ዓመት በኋላም ፊንጢጣቸውን እንደያዙ አሳይቷል። ሆድ ላይ ከሚገጠም የሰገራ ከረጢት ጋር ዕድሜ ልክ መኖር ለሚጠብቀው ሰው ይህ ትንሽ ነገር አይደለም።

በሌላ በኩል ደግሞ ጨረር የማያስፈልጋቸው ተለዩ። ፕሮስፔክት የተባለው ጥናት እ.ኤ.አ. በ2023 እንዳሳየው፣ ዕጢያቸው ከፍ ያለና በጣም ያልተስፋፋ ታማሚዎች ኬሞቴራፒ ብቻ ወስደው፣ ጨረሩ ምላሽ ላልታየባቸው ብቻ ቢሰጥ ውጤቱ አይወርድም፤ በሁለቱም ወገን በአምስት ዓመት ውስጥ ያገረሸው ከ2 በመቶ በታች ነበር። አነስተኛ ቁጥር ያላቸው፣ ዕጢያቸው የተሳሳተ የዘር ቅጂን ማረም ያቃተው ታማሚዎችም ዶስታርሊማብ በተባለው የበሽታ መከላከል አቅምን በሚያነቃቃ መድኃኒት ብቻ ዕጢው ጠፍቶላቸዋል። ከዚህ ተነሥቶ የጨረር ዘመን አበቃ ማለት ግን የጥናቱን በር ሳያዩ ውጤቱን መጥቀስ ነው። ፕሮስፔክት ዝቅ ብለው ወደ መውጫው የተጠጉ ወይም ወደ ጎረቤት አካል የተሻገሩ ዕጢዎችን አላስገባም። ለእነዚያ ጨረር ዛሬም ዋና መሣሪያ ነው። ለማን ይሰጥ የሚለውን የሚወስነው ኤም.አር.አይ ነው፤ ዕጢው ያ ስስ ልባስ ጋ ለመድረስ የቀረው ርቀት 1 ሚሊሜትር ወይም ከዚያ በታች ከሆነ ቀዶ ሐኪሙ ብቻውን ሊወጣው እንደማይችል ይታወቃል።

ኢትዮጵያ ውስጥ ይህ ጉዳይ ሌላ መልክ አለው። ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ለብዙ ዓመታት በኮባልት ማሽን የሚሠራ የአገሪቱ ብቸኛ የጨረር ማዕከል ነበር፤ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ዘመናዊ ማሽኖች እንደ ጅማ ባሉ ከተሞችም ሥራ ጀምረዋል፤ ፈላጊው ግን ከማሽኑ በብዙ ይበልጣል። ደም የቀላቀለ ሰገራ ኪንታሮት ነው ተብሎ ወራት ስለሚያልፉ ብዙዎች የሚመጡት በሽታው ከተስፋፋ በኋላ ነው። ስለዚህ ጨረር መቀነስን ከሚያስተምሩት ጥናቶች ይልቅ ለአገራችን ታማሚ የሚቀርበው የስዊድንና የራፒዶ ልምድ ይመስለኛል። በረጅሙ መንገድ አንድ ታማሚ 28 ጊዜ ማሽኑ ላይ ይተኛል፤ በዚያው ተራ በአጭሩ መንገድ አምስት ሰው ይታከማል። ከገጠር ለሚመጣ ሰውም አምስት ቀን አዲስ አበባ ማደርና ከወር በላይ ቤት ተከራይቶ መክረም አንድ አይደሉም። በኮቪድ ወቅት የዓለም ባለሙያዎች አጭሩን መንገድ የመከሩት ታማሚው ሆስፒታል የሚመላለስበትን ጊዜ ለመቀነስ ነበር። የሚቀርበው ተቃውሞ በራፒዶ ከአምስት ዓመት በኋላ ዳሌ ውስጥ ያገረሸው በአጭሩ መንገድ 10፣ በረጅሙ 6 በመቶ መሆኑ ነው። ይህ ችላ የሚባል ቁጥር አይደለም፤ በተለይ ዕጢው በጣም ለተጣበቀበት ሰው ረጅሙን መንገድ መምረጥ ተገቢ ሊሆን ይችላል። ግን ንጽጽሩ የተሠራው ሁለቱም መንገድ በጊዜው በሚገኝበት አገር ነው። ወረፋ ሲጠብቅ ዕጢው የሚያድግበት ታማሚ የሚያነጻጽረው በጊዜው የሚደርስለትን ሕክምናና የማይደርስለትን ነው።

ፊንጢጣን ሳያወጡ መከታተል ግን በችኮላ መቀዳት የለበትም። ዓለም አቀፍ መዝገብ እንደሚያሳየው እንዲህ ከቆዩት ታማሚዎች ሩብ ያህሉ ላይ ዕጢው በሁለት ዓመት ውስጥ ተመልሶ ያድጋል። በጊዜው ከተደረሰበት አብዛኛው በቀዶ ሕክምና ይወጣል፤ ለዚያ ግን በየሦስት ወሩ በጣትና በኢንዶስኮፒ መመርመር፣ በተደጋጋሚም ኤም.አር.አይ መነሣት ያስፈልጋል። ይህን ክትትል ማረጋገጥ በማይቻልበት ቦታ ዕጢው የጠፋለትን ሰው እንኳ ወደ ቀዶ ሕክምና መላክ ይሻላል ባይ ነኝ፤ ክትትሉን አስተማማኝ ማድረግ ከቻልን ግን ይህንኑ ምርጫ ለታማሚው ማቅረብ ግዴታችን ይሆናል።