በኤሌክትሪክ መስመር አጠገብ መኖር ያሳምማል?



እሁድ እሁድ ከጸሎት በኋላ ከሚቀርቡልን ጥያቄዎች አንዱ ይህ ነው። «የምሠራበት ቤት ፊት ለፊት ትልቅ የኤሌክትሪክ መስመር ያልፋል። እኔም የምተኛው በረንዳው ዳር ነው። ካንሰር ያመጣል፣ መካን ያደርጋል ይላሉ። ምን ላድርግ?» ቤት የምንመርጠው እኛ ስላልሆንን ጭንቀቱ ይገባናል። ስለዚህ የሚታወቀውን ሰብሰብ አድርገን አቅርበንላችኋል።

ፍርሃቱ የእኛ ብቻ አይደለም። እዚህ ሊባኖስ፣ ከቤይሩት በስተ ምሥራቅ ባለችው መንሱሪዬ፣ ነዋሪዎች 220 ሺህ ቮልት የሚሸከም መስመር በቤታቸው አጠገብ እንዳያልፍ ለብዙ ዓመታት ተቃውመዋል። እ.ኤ.አ. በ2019 ሥራው በጸጥታ ኃይሎች ጥበቃ ሲቀጥል ሰዎቹ መንገድ ላይ ወጥተው ነበር።

ጥያቄው የተነሣው እ.ኤ.አ. በ1979 ነው። በአሜሪካ ዴንቨር ከተማ የተደረገ ጥናት በካንሰር የሞቱ ሕፃናት ብዙ ጊዜ በኤሌክትሪክ መስመር አጠገብ ይኖሩ እንደነበር ገለጸ። በ2000 የብዙ አገር ጥናቶች አንድ ላይ ሲታዩ፣ በቤታቸው ያለው የማግኔት ኃይል በአማካይ ከ0.3 እስከ 0.4 ማይክሮ ቴስላ በላይ የሆነ ልጆች በደም ካንሰር (ሉኪሚያ) የመያዝ ዕድላቸው እጥፍ ገደማ ሆኖ ተገኘ። እንዲህ ያለ ቤት ግን ጥቂት ነው፤ በሽታውም በልጆች ላይ ብዙ ጊዜ አይታይም።

በ2002 የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋም ይህን ኃይል «ካንሰር ሊያመጣ ይችል ይሆናል» በሚለው ምድብ አስቀመጠው። ይህ «ያመጣል» ማለት አይደለም። በዚያው ምድብ ውስጥ የእሬት ሙሉ ቅጠል ጭማቂም አለ። በ2007 ድርጅቱ ጉዳዩን እንደገና መርምሮ መስመሩ በሽታውን እንደሚያመጣ ማስረጃው አላረጋገጠም አለ። ስለ አዋቂዎች ካንሰርና ስለ መውለድ ያለው ማስረጃ ደግሞ ከዚያም የደከመ ነው። እህታችን፣ መካን ትሆኛለሽ ብሎ የሚያስፈራራሽን አትስሚ።

የማግኔቱ ኃይል ግድግዳ አያግደውም፤ ርቀት ግን ቶሎ ያደክመዋል። ከትልቅ መስመር ወደ 100 ሜትር ከራቁ ብዙውን ጊዜ በማንኛውም ቤት ውስጥ ካለው እምብዛም አይለይም። አቧራ የምንስብበት ማሽን (ቫኪዩም) እንኳ በ30 ሳንቲ ሜትር ርቀት ላይ ከ2 እስከ 20 ማይክሮ ቴስላ ይሰጣል፤ አንድ ሜትር ሲርቁ ከ2 በታች ይወርዳል። ስለዚህ የሚያስጨንቅሽ ከሆነና ከተቻለ ፍራሽሽን ከመስመሩ ራቅ ወዳለው ጥግ አዙሪ። ከዚያ በኋላ በሰላም ተኚ።

ራስ ምታትና እንቅልፍ ማጣትስ? ጥናቶች ከመስመሩ ጋር አላገናኟቸውም። ሕመሙ ግን እውነተኛ ነው። ከድካም፣ ከእንቅልፍ ማነስ ወይም ከክሎር ሽታ ሊመጣ ይችላል። «መስመሩ ነው» ብላችሁ ዝም አትበሉ፤ ካልተወ ለሐኪም ንገሩ።

ከመስመሩ ይልቅ ሊያሳስበን የሚገባ ሌላ ነገር አለ፤ እርሱም የጄኔሬተር ጭስ ነው። የዲዝል ጭስ እ.ኤ.አ. ከ2012 ጀምሮ «ካንሰር ያመጣል» ከተባሉት ጋር ተመድቧል። የምትተኙበት መስኮት ወደ ሰፈሩ ጄኔሬተር የሚከፈት ከሆነ ሲሠራ ዝጉት፤ ቤቱን ሲጠፋ አናፍሱት።

በአንድ አፍታ የሚገድለው ደግሞ ሽቦውን መንካት ነው። እባካችሁ እነዚህን አስታውሱ።

– ከበረንዳ ወይም ከሰገነት ላይ ረጅም ብረት፣ የመጥረጊያ እጀታ ወይም እርጥብ ልብስ ወደ ሽቦ አትዘርጉ። ከፍተኛ ኃይል ያለው መስመር ሳይነካም ዘሎ ሊይዝ ይችላል።
– ልብስ በኤሌክትሪክ ሽቦ ላይ አታስጡ። የወደቀውንም ለማውጣት አትሞክሩ፤ ልብስ ይተካል።
– በረንዳ በጎማ ስታጥቡ ውኃው ወደ ሽቦና ወደ ሶኬት እንዳይረጭ ተጠንቀቁ።
– የተላጠ ሽቦ ካያችሁ አትንኩ። «ማዳም፣ ፊ ሽሪት መክሹፍ» ብላችሁ ንገሩ፤ የተላጠ ሽቦ አለ ማለት ነው።
– ቤት ውስጥ ሰው ኤሌክትሪክ ከያዘው በእጃችሁ አትጎትቱት። መጀመሪያ ዋናውን ማጥፊያ አጥፉ፤ ከዚያም ወደ ቀይ መስቀል 140 ደውሉ። የያዘው የውጭ ትልቅ መስመር ከሆነ ጨርሶ አትጠጉ።

ሽቦው አጠገብ ያለ ሥራ ስትታዘዙ «እፈራለሁ፣ ኤሌክትሪክ አለ» ማለት ስንፍና አይደለም። ነፍሳችሁ የእግዚአብሔር አደራ ናት፤ አገር ቤትም የሚጠብቋችሁ አሉ። ይህን ጽሑፍ ከቤት መውጣት ለማትችል እህት በስልክ አንብቡላት።

አምላክ በያላችሁበት ይጠብቃችሁ። አሜን።