ታዳጊው ኳስ ተጫዋች በየዕድሜው ምን ይማራል? ምንስ ይመገባል?

በዛሬው የጤናና ሥነ-ምግብ ዓምዳችን ብዙ ወላጆች ደጋግመው ስለሚጠይቁት አንድ ጉዳይ እንነጋገራለን። ከዶርዜና ከጨንቻ ደጋ ጀምሮ እስከ አርባ ምንጭ ሜዳዎች ድረስ ከዐስር ሶላት በኋላ ኳስ የማያባርር ልጅ ማግኘት ያስቸግራል። ከእነዚህ ልጆች አንዳንዶቹ ተመልምለው “ፕሮጀክት” ይገባሉ። ያን ጊዜ ወላጅ ጥያቄ ይበዛበታል። ልጄ ምን ሊማር ነው? በሳምንት ስንት ቀን ይሂድ? ምን ላብላው? ጉልበት የሚሰጠው መድኃኒትስ የለም ወይ?

የእነዚህ ሁሉ ጥያቄዎች መልስ የሚጀምረው ከአንድ ነገር ነው፤ ከልጁ ትክክለኛ ዕድሜ። ሥልጠናውም ምግቡም ዕረፍቱም በዕድሜ ይለካል። ዕድሜውን ያዘለለ ወይም የደበቀ ወላጅ ልጁን የጠቀመ ቢመስለውም የሚጎዳው ያንኑ ልጅ ነው።

ፕሮጀክት ሲባል ምን ማለት ነው?

በአገራችን ፕሮጀክት የሚባሉት የታዳጊዎች ማሠልጠኛዎች ልጆችን ከ13፣ ከ15 እና ከ17 ዓመት በታች እያሉ ይከፍላሉ። ከዚያ በላይ ክለቦች ከ17 እና ከ20 ዓመት በታች ቡድኖችን ይይዛሉ። አዲስ አበባ በሚገኘው የስፖርት አካዳሚም ከየክልሉ የተመለመሉ ታዳጊዎች ትምህርታቸውን እየተከታተሉ ይሠለጥናሉ። ከሁሉም በላይ የብሔራዊ ቡድን ታዳጊዎች አሉ። አገራችን በ1993 ዓ.ም. ከ20 ዓመት በታች የአፍሪካ ዋንጫን አስተናግዳ 4ኛ በመውጣት በዚያው ዓመት አርጀንቲና ላይ በተደረገው የዓለም ወጣቶች ዋንጫ ተካፍላለች። ደረጃው እንግዲህ መሰላል ነው። መሰላል ደግሞ የሚወጣው ደረጃ በደረጃ ነው።

ከ6 እስከ 8 ዓመት፦ ጨዋታ ብቻ

በዚህ ዕድሜ ሥልጠናው ራሱ ጨዋታ ነው። ልጁ ኳስን መውደድ፣ መሮጥ፣ መዝለል፣ ሚዛኑን መጠበቅና በሁለቱም እግሩ መምታት ይማራል። ቁጥር 3 ኳስ ይበቃዋል፤ የጨርቅ ኳስም ቢሆን ችግር የለውም። በጠባብ ሜዳ ሦስት ለሦስት ወይም አራት ለአራት ሲጫወቱ ሁሉም ልጅ ኳስ ደጋግሞ ይነካል። ሃያ ሁለት ሕፃናት በትልቅ ሜዳ ላይ ቢለቀቁ ግን ደካማው ልጅ ኳስ ሳይነካ ይመሽበታል። በሳምንት አንድ ወይም ሁለት ቀን፣ በየጊዜውም ከአንድ ሰዓት ያልበለጠ ልምምድ በቂ ነው። አጥቂ፣ ተከላካይ ብሎ መለየትም ሆነ ሲሸነፉ መቆጣት አያስፈልግም።

ከ9 እስከ 12 ዓመት፦ የክህሎት ዘመን

ይህ ዕድሜ ሰውነት በእርጋታ የሚያድግበት፣ አእምሮ ደግሞ አዲስ እንቅስቃሴን ቶሎ የሚቀበልበት ነው። ኳስ ማቆም፣ ማቀበል፣ ማታለልና ቀና ብሎ ጓደኛን ማየት በዚህ ጊዜ በደንብ ይለመዳሉ። ኳሱ ቁጥር 4 ይሆናል፤ ጨዋታውም ሰባት ለሰባት፣ ቀጥሎም ዘጠኝ ለዘጠኝ ይደረጋል። ጥሩ አሠልጣኝ ልጁን በአንድ ቦታ አያስረውም፤ ዛሬ በረኛ፣ ነገ አማካይ ያደርገዋል።

ቴስታን በተመለከተ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። በአሜሪካ ከ2015 እ.ኤ.አ. ጀምሮ 10 ዓመትና ከዚያ በታች ላሉ ልጆች ኳስን በጭንቅላት መምታት ተከልክሏል። እንግሊዝም በ2020 እ.ኤ.አ. የአንደኛ ደረጃ ዕድሜ ላይ ያሉ ልጆች በልምምድ ጊዜ ቴስታ እንዳይሠሩ መመሪያ አውጥታለች። ምክንያቱ በማደግ ላይ ያለን አንጎል ከተደጋጋሚ ምት ለመጠበቅ ነው።

ከ13 እስከ 15 ዓመት፦ አስቸጋሪው ዕድሜ

ብዙ ወላጅ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው። ልጅ በድንገት የሚረዝምበት ወቅት ለሴቶች በአማካይ 12 ዓመት አካባቢ፣ ለወንዶች 14 ዓመት አካባቢ ነው። ነገር ግን ሁሉም በአንድ ጊዜ አይረዝምም። ሁለት የ14 ዓመት ልጆች ጎን ለጎን ቢቆሙ አንዱ ጎልማሳ፣ ሌላው ሕፃን ሊመስል ይችላል። ዛሬ በጉልበት የሚያሸንፈው ቀድሞ ያደገው ነው። ትንሹ ልጅ ከ3 ዓመት በኋላ ሊደርስበትና ሊበልጠው ይችላል። ስለዚህ በ13 ዓመቱ “አይረባም” ተብሎ የተመለሰ ልጅ ተስፋ አይቁረጥ።

አጥንት ከጡንቻ ቀድሞ ስለሚረዝም ልጁ ለጊዜው እግሩ ሊወሳሰብበት፣ የለመደውን ነገር ሊያበላሽ ይችላል። ሰነፍ ሆኖ አይደለም። ከጉልበቱ ሎሚ ዝቅ ብሎ ወይም ተረከዙ ላይ ሕመም ሊሰማውም ይችላል። ይህ ሕመም ጡንቻው ገና ያልጠነከረውን የአጥንት ክፍል ደጋግሞ ሲጎትተው የሚመጣ ሲሆን፣ መድኃኒቱ ሩጫና ዝላይ መቀነስ፣ በረዶ መያዝ እና ጡንቻን በቀስታ ማሳሳብ ነው። ሌሊት የሚቀሰቅስ፣ የሚያነክስ ወይም እብጠት ያለው ሕመም ከሆነ ግን ወደ ጤና ጣቢያ ይወሰድ።

በዚህ ዕድሜ ኳሱ ቁጥር 5፣ ጨዋታውም አሥራ አንድ ለአሥራ አንድ ይሆናል። ለልምምድ ብዛት አንድ ቀላል መለኪያ አለ፤ በሳምንት የሚሠለጥንበት ሰዓት ከዕድሜው ቁጥር አይብለጥ። የ13 ዓመት ልጅ ከ13 ሰዓት በላይ አይሠልጥን፤ ቢያንስ አንድ ቀንም ሙሉ ዕረፍት ይኑረው። ከትምህርት ቤት መልስ ሽመና ላይ የሚቀመጥ የዶርዜ ልጅ፣ ቅዳሜና እሑድ መድረሳ የሚውል ልጅ፣ ውኃ የምትቀዳ ልጅ ድካማቸው አብሮ ይቆጠር። እንቅልፍም እንዲሁ ነው፤ ከ6 እስከ 12 ዓመት ላለ ልጅ በቀን ከ9 እስከ 12 ሰዓት፣ ከ13 እስከ 18 ዓመት ላለ ከ8 እስከ 10 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልጋል።

ከ16 ዓመት በላይ፦ ብርታትና ውሳኔ

አሁን ሰውነት ብርታትን ለመሸከም ይዘጋጃል። የጨዋታ ቦታ ይለያል፣ የጡንቻ ልምምድ ይጨምራል። ፊፋ 11 ፕላስ የተባለው የ20 ደቂቃ የማሟሟቂያ ልምምድ ኳስና ሜዳ እንጂ ሌላ መሣሪያ አይፈልግም። ኖርዌይ ውስጥ ከ13 እስከ 17 ዓመት በሆኑ ሴት ተጫዋቾች ላይ ተጠንቶ በ2008 እ.ኤ.አ. በወጣው ውጤት ጉዳትን በሲሶ ገደማ ቀንሷል። አሠልጣኙ ይህን ማሠራቱን ጠይቁ።

በዚህ ዕድሜ ደላላም ይመጣል። በፊፋ ደንብ መሠረት ከጥቂት ልዩ ሁኔታዎች በስተቀር ከ18 ዓመት በታች ያለ ተጫዋች ወደ ውጭ አገር ክለብ መዛወር አይችልም። “ልጅህን በ16 ዓመቱ አውሮፓ አስገባዋለሁ፣ ገንዘብ አምጣ” የሚልን ሰው አትመኑ። ትምህርቱም አይቋረጥ፤ ፕሮጀክት ከገቡት ውስጥ በኳስ የሚተዳደሩት ጥቂቶች ናቸው።

ዕድሜ መቀነስ ማንን ይጎዳል?

የ17 ዓመት ልጅ “14 ነው” ተብሎ ሲመዘገብ ሦስት ጉዳት ይደርሳል። የ14 ዓመቱን ልጅ ቦታ ይቀማዋል፤ በግጭት ጊዜም አጥንቱን ሊሰብረው ይችላል። ራሱም በጉልበት ብቻ እያሸነፈ ክህሎት ሳይማር ይቀራል። በመጨረሻም ይታወቅበታል። ፊፋ ከ2009 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከ17 ዓመት በታች ውድድር ላይ የእጅ አንጓን በኤም.አር.አይ. ያስመረምራል፤ የአጥንቱ ማደጊያ ክፍል ፈጽሞ ከተዘጋ ልጁ ከ17 ዓመት በላይ የመሆኑ ዕድል እጅግ ከፍተኛ ነው። በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. ካሜሩን ከጠራቻቸው 30 ታዳጊዎች መካከል 21ዱ በዚህ ምርመራ ወድቀው ተሰናብተዋል። ለእነዚህ ወጣቶች የዓመታት ድካም በአንድ ቀን ከንቱ ሆነ።

ትክክለኛ የልደት ማስረጃና የሥልጠና መዝገብ ለክለቡም ይጠቅማል። ተጫዋች ወደ ውጭ አገር ክለብ ሲዛወር ከዝውውር ገንዘቡ 5 በመቶው ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ላሠለጠኑት ክለቦች ይከፋፈላል። መዝገቡ የተበላሸ ልጅ ያሳደገው ክለብ ይህን ያጣል። ልጅ አማና ነው፤ በውሸት ማስረጃ መንገድ ማስጀመር ደግሞ አማናን መብላት ነው።

ምን ይብላ?

ውድ እናቶች፣ ለታዳጊ ኳስ ተጫዋች የሚያስፈልገው አብዛኛው ነገር በአካባቢያችን ይገኛል። ቆጮና ቡላ ጥሩ የጉልበት ምንጭ ናቸው፤ ሰውነት የሚገነባው ፕሮቲን ግን በእነሱ ውስጥ በጣም ጥቂት ነው። ስለዚህ ቆጮ ብቻውን አይቅረብ። ከባቄላ ወይም ከአተር፣ ከወተት፣ ከአይብ፣ ከእንቁላል ወይም ከጫሞና ከአባያ ሐይቅ ዓሣ ጋር ይበላ። በአካባቢያችን ሀለኮ የምንለው የሽፈራው ቅጠል ካልሲየምና ቫይታሚን ኤ ስላለው ለሚያድግ አጥንት ይጠቅማል። የአርባ ምንጭ ሙዝና ማንጎ፣ የጨንቻ ፖም ከፋብሪካ ጣፋጭና ከለስላሳ መጠጥ ይበልጣሉ።

ዋናውን ምግብ ከጨዋታ ከ2 እስከ 3 ሰዓት ቀደም ብሎ ይብላ። ከጨዋታ በኋላ ባለው አንድ ሰዓት ውስጥ ሙዝና ወተት ወይም ቆሎ ቢያገኝ ድካሙ ቶሎ ይለቀዋል።

ለሴት ልጆቻችን አንድ ነገር ልጨምር። የወር አበባ የጀመረች ተጫዋች ብረት ያላቸውን ምግቦች፣ ማለትም ሥጋ፣ ምስርና አረንጓዴ ቅጠል፣ ከሎሚ ወይም ከብርቱካን ጋር ትብላ፤ ሻይና ቡና ግን ከምግብ ጋር አትጠጣ። ሒጃብም እንቅፋት አይደለም። በ2014 እ.ኤ.አ. በጨዋታ ሕጉ ተፈቅዷል፤ በ2023 እ.ኤ.አ. ደግሞ የሞሮኮዋ ኑሃይላ ቤንዚና ሒጃብ ለብሳ በሴቶች የዓለም ዋንጫ ተጫውታለች።

ከደጋ ወደ ቆላ ሲወርዱ

ዶርዜ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ስትገኝ አርባ ምንጭ 1,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ለውድድር ወደ አርባ ምንጭ የሚወርድ የደጋ ልጅ ሙቀቱን አለመደውም። ከጨዋታ በፊት ውኃ ይጠጣ፤ በጨዋታ መሐልም በየ20 ደቂቃው ግማሽ ብርጭቆ ያህል ይጨምር። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ ወይም መፍዘዝ ከታየበት ወዲያው ወደ ጥላ ይውጣና ሰውነቱ በውኃ ይቀዝቅዝ። ካደረ ደግሞ አጎበር ውስጥ ይተኛ፤ የደጋ ልጅ ወባን የመቋቋም ልምድ የለውም። ከተመለሰ በኋላ ትኩሳት ከያዘው “ድካም ነው” ሳትሉ ደሙን አስመርምሩ።

በረመዷን

ለአቅመ አዳም ያልደረሰ ልጅ ጾም ግዴታ አይሆንበትም። የደረሰ ታዳጊ ሲጾም ከባድ ልምምድ ከኢፍጣር በኋላ ቢሆንለት ይመረጣል፤ ካልተቻለ ቀለል ያለ ልምምድ ከመግሪብ ጥቂት ቀደም ብሎ ይሥራ፤ በቀትር ፀሐይ ግን አይሩጥ። ከኢፍጣር እስከ ሱሑር ውኃን ከፋፍሎ ይጠጣ፤ ሱሑርን አይተው። አሠልጣኙም አስቀድሞ ይነገረው። ስለ ጉዞና ስለ ሕመም ያለውን ብይን ደግሞ ዑለማዎችን ጠይቁ።

ስለ መድኃኒት

በመድኃኒት ቤት ሥራዬ ልጄን የሚያወፍር፣ ጉልበት የሚሰጥ እንክብል ስጪኝ የሚሉኝ ወላጆች ብዙ ናቸው። ዴክሳሜታዞንና ፕሬድኒሶሎን ለሌላ ሕመም በሐኪም የሚታዘዙ መድኃኒቶች ናቸው። የሚያመጡት ውፍረት ውኃና ስብ እንጂ ጡንቻ አይደለም። ቁመትን ይገታሉ፣ አጥንትን ያሳሳሉ፣ በሽታ የመከላከል አቅምን ያዳክማሉ። ለረጅም ጊዜ ሲወስድ የቆየ ልጅ በድንገት ቢያቆምም አደጋ አለው፤ ሐኪም ይማከር። በአፍ ወይም በመርፌ ሲወሰዱ በውድድር ወቅት በፀረ-ዶፒንግ ሕግ የተከለከሉም ናቸው።

ከጨዋታ በፊት ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን መውሰድም መልካም ልማድ አይደለም። ሕመም “አቁም” የሚል መልእክት ነው፤ መልእክቱን ዘግቶ የሚሮጥ ልጅ ጉዳቱን ያባብሳል። ውኃ በጎደለው ሰውነት ላይ ደግሞ ጨጓራንና ኩላሊትን ይጎዳሉ። ኢነርጂ የሚባሉት መጠጦችም ለልጆች አይሆኑም፤ ካፌይን ልብን ያስደነግጣል፣ እንቅልፍን ያባርራል።

ውድ ወላጆች! ልጃችሁን ከማስመዝገባችሁ በፊት አሠልጣኙን አራት ነገር ጠይቁ፦ ልጆቹን በምን ዕድሜ ትከፍላላችሁ? በሳምንት ስንት ሰዓት ታሠራላችሁ? ልጅ ሲጎዳ ምን ታደርጋላችሁ? የትምህርት፣ የሶላትና የመድረሳ ጊዜውንስ ትጠብቁለታላችሁ? ለእነዚህ ጥያቄዎች ጥሩ መልስ ያለው አሠልጣኝ በእጁ ያለው የሰው ልጅ መሆኑን ያወቀ ነው። ልጁ ኳስ ተጫዋች ባይሆን እንኳ በየዕድሜው ተገቢውን ያገኘ ጤናማና እውነተኛ ሰው ይሆናል፤ ኢንሻአላህ።