የጣና ዳርን የዝናብ መዝገብ ከአንድ ማኅደር እያወጡ በፓይተን ስለ ማንበብ

በዳጋ እስጢፋኖስና በሌሎችም የጣና ገዳማት የብራና መጽሐፍ ከቆዳ በተሰፋ ማኅደር ገብቶ ይቀመጣል። በቀድሞ ዘመን የቤተ ክርስቲያን ንብረት ሲመዘገብም፥ መጻሕፍቱ በቍጥር ብቻ ሳይሆን እያንዳንዳቸው በስማቸው እየተጠሩ ይጻፉ ነበር። ዛሬ በኮምፒዩተር ውስጥ ፎልደር የሚባለው ማኅደር ነው፤ በውስጡ የሚቀመጠውም ፋይል ይባላል። የቀድሞው ሥርዓት ለዚህም ይጠቅማል።

የጣና ባሕር ስፋት 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ክረምት ሲገባ ግልገል ዓባይ፥ ጉማራ፥ ርብና መገጭ ሞልተው ይገቡበታል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት ማብቂያ ላይ የፎገራና የሊቦ ከምከም ሜዳ በጎርፍ ተውጦ ብዙ ሕዝብ ከቤቱ ተፈናቅሏል። ስለዚህ በዚህ አገር የዝናብ መዝገብ መጉደል የሕዝብ ጉዳት ሊያመጣ የሚችል ነገር እንጂ፥ የጸሐፊ ጥፋት ብቻ ሆኖ የሚቀር አይደለም።

ለምሳሌ ያህል ከባሕር ዳር፥ ከወረታ፥ ከአዲስ ዘመንና ከጎርጎራ የየቀኑ የዝናብ ልክ ተጽፎ፥ ለየወሩ አንድ አንድ ፋይል ወደ አንድ ማኅደር ይግባ እንበል። በዓመቱ 13 ወር ስላለ፥ የ4ቱ ጣቢያ ድምር 52 ፋይል ይሆናል። ይህን ሁሉ ጸሐፊው አንድ በአንድ እየከፈተ በእጁ ቢገለብጥ ይደክማል፥ ይሳሳታልም። እ.ኤ.አ. በ1991 የኔዘርላንድ ተወላጅ ጊዶ ቫን ሮሰም ያወጣው ፓይተን የተባለው የኮምፒዩተር ቋንቋ ግን ሥራውን በጥቂት መስመር ትእዛዝ ይፈጽመዋል።

አሠራሩ እንዲህ ነው። በመጀመሪያ ግሎብ የሚባለው ትእዛዝ በማኅደሩ ያሉትን የፋይል ስሞች ይሰበስባል። ስሞቹ በተራ ስለማይመጡ፥ ሶርትድ በተባለው ትእዛዝ መደርደር ይገባል። ኮምፒዩተሩ የሚያነጻጽረው ፊደል በፊደል ስለ ሆነ፥ 10ኛውን ወር ከ2ኛው ያስቀድማል፤ ስለዚህ የወሩ ቍጥር 01፥ 02 እየተባለ በሁለት አሃዝ ይጻፍ። ከዚያም ፓንዳስ የተባለው መሣሪያ እያንዳንዱን ፋይል ከፍቶ ያነባል፤ የአማርኛው ፊደል እንዳይበላሽ ዩቲኤፍ 8 የሚባለው የፊደል ሥርዓት በትእዛዙ ይገለጽ። ሁሉም ወደ አንድ ሰንጠረዥ ከመጣመሩ በፊት፥ በየመስመሩ የመጣበት ፋይል ስም ይጻፍበት፤ ስሕተት ቢገኝ ምንጩ ወዲያው ይታወቃልና።

ዋናው ጥንቃቄ ግን ከዚህ በኋላ ነው። ኮምፒዩተር ያገኘውን ያነባል እንጂ ያልመጣውን አይናገርም። የወረታ የነሐሴ ፋይል ሳይላክ ቢቀር፥ የባሕር ዳር የሐምሌ ፋይል ደግሞ ሁለት ጊዜ ቢላክ፥ ቍጥሩ ያው 52 ይሆናል። የዓመቱ ድምር ሲወጣ የባሕር ዳር ሐምሌ እጥፍ ይዘንባል፤ በወረታ ግን ጎርፍ በሚያሰጋበት ወር ጠብታ እንዳልወረደ ይመስላል። ይህን ያየ ሹም ሕዝቡን ሳያስጠነቅቅ ይቀር ይሆናል።

ስለዚህ ሊመጡ የሚገባቸው የ52ቱ ፋይሎች ስም አስቀድሞ ይዘርዘርና በማኅደሩ ከተገኘው ስም ጋር ይመሳከር፤ የጎደለውና የተደገመው ተለይቶ ሳይታወቅ ድምር አይውጣ። አልከፈት ያለ ፋይል ቢኖርም ስሙ ለብቻው ይመዝገብ እንጂ በዝምታ አይታለፍ።

ደግሞም ባዶና 0 አንድ አይደሉም። 0 ማለት ተለክቶ ዝናብ አለመዝነቡ ነው፤ ባዶ ማለት ግን አለመለካቱ ነው። ፓንዳስ ሲደምር ባዶውን ዘልሎ ስለሚያልፍ ድምሩ ሙሉ ይመስላል። ስለዚህ ለየጣቢያው የተለካው ቀን ይቈጠር፤ በዓመቱ 365፥ ጳጉሜን 6 ቀን በሆነበት ዓመት 366 መሆን አለበት።

የወረዳ አስተዳዳሪ ትእዛዙን ራሱ መጻፍ አያስፈልገውም። ነገር ግን የድምር ወረቀት ሲቀርብለት፥ ከመፈረሙ በፊት የትኛው ፋይል እንዳልመጣ፥ የትኛው እንደ ተደገመና የትኛው እንዳልተከፈተ ጸሐፊውን ይጠይቅ። ዝናቡ ዘንቦ ሳለ፥ ፋይሉ ስላልደረሰ ብቻ አልዘነበም እንዳይባል ይህ ጥያቄ የግድ ነው።