በአገሮች መካከል ያለው ጉዳይ የመንግሥታት ብቻ ነውን?
(በሬዲዮ ከቀረበ ትምህርት)

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም። ምስጋና ለዓለማት ጌታ ለአላህ ይሁን፤ ሶላትና ሰላም በነቢያችን ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ)፣ በቤተሰቦቻቸውና በባልደረቦቻቸው ላይ ይውረድ።



ዓለም አቀፍ ግንኙነት ሲባል ለብዙዎቻችን የሚታየን የመሪዎች ስብሰባና የኤምባሲ ባንዲራ ነው። ነገሩ ግን የየቤታችንም ጉዳይ ነው። ከቁስቋም ተነስታ ለቤት ሠራተኝነት ወደ ሳዑዲ ዐረቢያ ወይም ወደ ሊባኖስ የሄደች እህት ደመወዟ ቢከለከል ወይም ድምፅዋ ቢጠፋ፣ ቤተሰቧ የማንን በር ያንኳኳ? ይህን ለመመለስ በአገሮች መካከል እነማን እንደሚንቀሳቀሱ፣ እያንዳንዳቸውም ምን እንደሚችሉና ምን እንደማይችሉ ማወቅ ግድ ይላል።

ነገሩ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ከእ.ኤ.አ. 615 ጀምሮ ሶሐቦች ወደ ሐበሻ በተሰደዱ ጊዜ፣ ቁረይሾች ዐምር ኢብኑል ዓስንና ዐብዱላህ ኢብን አቢ ረቢዓን ስጦታ አስይዘው ወደ ነጃሺ ልከው ነበር። በስደተኞቹ በኩል ጃዕፈር ኢብን አቢ ጣሊብ (ረ.ዐ) ተናገሩ። ንጉሡም ሁለቱን ወገን ሰምተው ስደተኞቹን አሳልፈው አልሰጡም። በዚያ ችሎት ንጉሥም፣ የነጋዴ ጎሳም፣ አገራቸውን የለቀቁ ግለሰቦችም ነበሩ። የዛሬውም እንዲሁ ነው።

አንደኛው መንግሥት ነው። ስምምነት የሚፈርም፣ ቪዛ የሚሰጥ፣ ፍርድ ቤትና ፖሊስ ያለው እርሱ ነውና ከሁሉ ይበረታል። ሆኖም ሥልጣኑ በድንበሩ ያበቃል። እ.ኤ.አ. በ1963 የተፈረመው የቪዬና የቆንስላ ስምምነት ቆንስላ የዜጎቹን መብት እንዲከታተል፣ የታሰረ ዜጋውን እንዲጎበኝ ይፈቅዳል፤ በሌላ አገር ዳኛ ላይ ግን ሊያዝ አይችልም። ስለዚህም ነው የኢትዮጵያ የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 ሠራተኛ ከመላኩ በፊት ከተቀባዩ አገር ጋር የሁለትዮሽ ስምምነት እንዲኖር የጠየቀው።

ሁለተኛው መንግሥታት በጋራ ያቋቋሙት ድርጅት ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 በዚሁ በአዲስ አበባ የተመሠረተው የአፍሪካ አንድነት ድርጅት፣ የዛሬው የአፍሪካ ኅብረት፣ ከዚህ ወገን ነው። ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት በ2011 የቤት ሠራተኞችን መብት የሚመለከተውን 189ኛ ስምምነት አወጣ፤ የሚያስገድደው ግን ያጸደቀውን አገር ብቻ ነው። ከ2013 መጨረሻ ጀምሮ ሳዑዲ ዐረቢያ በጥቂት ወራት ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያንን ስትመልስ፣ የስደተኞች ድርጅቱ አይ.ኦ.ኤም ቦሌ ላይ ተመላሾችን በመቀበል ረዳ። የመመለሱን ውሳኔ ግን ሊሽር አልቻለም። ድርጅት ይረዳል፣ ይመክራል፤ የሚወስነው መንግሥት ነው።

ሦስተኛው ድንበር ተሻግሮ የሚሠራ የንግድ ተቋም ነው። ለእኛ ቅርቡ የሥራና ሠራተኛ አገናኝ ኤጀንሲ ነው። ፈቃድ ያለው ኤጀንሲ በሕጉ መሠረት ለሠራተኛዋ መብት መጣስ ከአሠሪው ጋር በአንድነት ተጠያቂ ነው፤ እዚሁ አገር ሊከሰስም ይችላል። ደላላው ግን ስሙ በየትኛውም መዝገብ የለም። ልጅቷ ስትጠፋ እርሱም ይጠፋል።

አራተኛው ሕዝባዊና ሃይማኖታዊ ማኅበር ነው። በ2020 በሊባኖስ የኑሮ ቀውስ አሠሪዎች ኢትዮጵያውያት ሠራተኞቻቸውን ቤይሩት በሚገኘው ቆንስላችን ደጃፍ ጥለዋቸው ሲሄዱ፣ ከደረሱላቸው መካከል ስደተኛ እህቶች ራሳቸው ያቋቋሙት «እኛ ለእኛ በስደት» ይገኝበታል። የኢትዮጵያ እስልምና ጉዳዮች ጠቅላይ ምክር ቤታችንም የሐጅ ጉዞን ከሳዑዲ የሐጅና ዑምራ ሚኒስቴር ጋር ሲያስፈጽም በሁለት አገሮች መካከል ይሠራል። እነዚህ ጦርም ፍርድ ቤትም የላቸውም፤ ኃይላቸው አመኔታና ቅርበት ነው።

አምስተኛው ግለሰብና ቤተሰብ ነው። ገንዘብ የምትልከው እህት፣ ውሉን ይዞ የሚከራከረው አባት፣ ሁለቱም በዚህ ግንኙነት ውስጥ ናቸው።

ውድ ወላጆች፣ እነዚህን ሁሉ በሮች የሚከፍተው አንድ ነገር ነው፤ እርሱም ሰነድ ነው። ውል ከሌለ ቆንስላው የሚይዘው፣ ኤጀንሲው የሚጠየቅበት፣ ማኅበሩም የሚከራከርበት አይኖርም። ቅዱስ ቁርኣን በሱረቱል ማኢዳ መጀመሪያ ምእመናን ውላቸውን እንዲሞሉ ያዛል፤ ሱረቱል በቀራ ደግሞ ዕዳ እንዲጻፍና ምስክር እንዲቆምበት ያዛል። ስለዚህ ልጃችሁ ከመሄዷ በፊት የኤጀንሲውን ፈቃድ ከሥራና ክህሎት ሚኒስቴር አረጋግጡ። የውሉን፣ የፓስፖርቷንና የቪዛዋን ቅጂ ቤት አስቀሩ። የአሠሪዋን ስም፣ አድራሻና የኤምባሲውን ስልክ ጻፉ። ችግር ሲመጣ ኤጀንሲውንና ሚኒስቴሩን በጽሑፍ ጠይቁ፤ ለውጭ ጉዳይ ሚኒስቴርም አመልክቱ፤ ማኅበራቱንም አትርሱ።

ሰበቡን አድርሰን በአላህ እንመካ። አላህ (ሱ.ወ) በስደት ያሉትን እህቶቻችንንና ወንድሞቻችንን ይጠብቅልን፤ በሰላም ለቤታቸው ያብቃልን። አሚን።