ካሜራን ሳያንቀጠቅጡ ስለ ማዞር

ከኮምቦልቻ ወደ ደሴ በሚወጣው ጠመዝማዛ መንገድ የተጓዘ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ተሳፋሪን የሚያንገላታው የመኪናው ፍጥነት ብቻ አይደለም። ይልቁንም ነጂው ነዳጁን ወይም ፍሬኑን በድንገት ሲረግጥ ነው ወዲያና ወዲህ የምንወረወረው። በሞተር የሚዞር ካሜራም ጠባዩ ይኸው ነው።

ባለፈው ጥር ለዕረፍት ቢስቲማ በቆየሁበት ጊዜ፣ 200 ሚሊሜትር ሌንስ ያለው ካሜራ ተውሼ፣ በአንዲት ትንሽ ሞተር እያዞርሁ ከዋክብትን ፎቶግራፍ ለማንሣት ሞክሬ ነበር። ሰማዩ ጥሩ ነበር፤ ሥዕሉ ግን ተበላሸ። እያንዳንዱ ኮከብ ነጥብ መሆኑ ቀርቶ አጭር ሰረዝ ሆኖ ወጣ። በመጀመሪያ በነፋሱ አሳበብሁ (የቤተ ሰቦቼም ግምት ይኸው ነበር)፤ ስሌቱ ግን ነፋሱን ነጻ አወጣው።

ሞተሯ አንድ ዙር የምትፈጽመው በ200 እርምጃ ስለ ሆነ፣ አንዱ እርምጃ 1.8 ዲግሪ ነው። ማርሹ 100 ጊዜ ሲያሳንሰው 0.018 ዲግሪ፣ ይኸውም ወደ 65 የቅስት ሰኮንድ ይሆናል (የቅስት ሰኮንድ ማለት የአንድ ዲግሪ 3600ኛ እጅ ነው)። ሰማይ ግን በየሰኮንዱ የሚዞረው 15 የቅስት ሰኮንድ ያህል ነው። እንግዲህ ካሜራው ከ4 ሰኮንድ በላይ ቆሞ ይቆይና በአንድ ጊዜ ይዘላል። ሞተሯም የት እንደ ደረሰች የሚነግራት ስለሌለ በዕውር ትራመዳለች።

ሰርቮ የተባለው አሠራር በዚህ ይለያል። በዘንጉ ላይ የተገጠመው ኢንኮደር ካሜራው የደረሰበትን ቦታ ሳያቋርጥ ይናገራል፤ መቆጣጠሪያውም የታዘዘውን ከተደረሰበት ጋር አመዛዝኖ ለሞተሩ የሚሰጠውን ኤሌክትሪክ ይጨምራል ወይም ይቀንሳል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ልዩነቱን ቶሎ ለማጥፋት ሲል እርማቱን ያበረታና፣ ካሜራው ዒላማውን እያለፈ እየተመለሰ ይንቀጠቀጣል። ትእዛዙም ራሱ ለስላሳ መሆን አለበት። ፍጥነቱ ብቻ ሳይሆን የፍጥነቱ ጭማሪ ጭምር ከዜሮ ተነሥቶ ቀስ በቀስ ማደግ፣ ቀስ በቀስም መርገብ ይገባዋል፤ ጥሩ ነጂ እግሩን እንደሚያሳርፍ ማለት ነው።

ከሁሉ የሚያስቸግረው ግን እጅግ ዝግ ያለው እንቅስቃሴ ነው። ቀስ ብሎ የሚዞረውን ዘንግ ሰበቃ ይይዘዋል፤ ሞተሩ ገፍቶ ገፍቶ ሲያሸንፈው ድንገት ያመልጣል። በ2007 ዓ.ም. የተመረቀው የእንጦጦ የከዋክብት መመልከቻ፣ መስተዋታቸው 1 ሜትር ስፋት ያለው ሁለት ቴሌስኮፖች አሉት። ይህን የሚያህል ከባድ ዕቃ ከሰዓት የደቂቃ ዘንግ እጅግ በዘገየ ፍጥነት፣ ሳይደናቀፍ ኮከቡን መከተል አለበት።

በሁለተኛው ሌሊት እያንዳንዱን እርምጃ በኤሌክትሪክ ለ16 ከፈልሁት፤ ዝላዩም ወደ 4 የቅስት ሰኮንድ ወረደ። ሰረዞቹ አጠሩ። በማርሹ ጥርሶች መካከል ያለው ክፍተት ግን እስካሁን በሥዕሉ ላይ ይታያል።