ቀፎው አለ፣ ንቡ የለም፦ ከውጭ የሚገቡ ስማርት ስልኮች የጎደላቸው ምንድን ነው?

አዲስ አበባ፦ ከፈረንሳይ ለጋሲዮን ወደ እንጦጦ አቀበት በሚዘልቁት የየካ ክፍለ ከተማ ሰፈሮች የእጅ ስልክ ወደ ቤት የሚገባው ከሱቅ ተገዝቶ ብቻ አይደለም። ከዱባይ ወይም ከቤሩት የተመለሰች ልጅ ለወላጆቿ ይዛው ትመጣለች፤ ለንግድ ወደ ጓንዡ የሚመላለስ ዘመድ በሻንጣው ያስገባዋል፤ መገናኛ አካባቢ ካሉት መደብሮችም “የቻይና ነው” ተብሎ በቅናሽ ይገዛል። ስልኩ አዲስ ነው፣ ካሜራው ጥርት ያለ ነው፣ ባትሪውም ይቆያል። ሲከፈት ግን ፕሌይ ስቶር የለውም። የባንክ መተግበሪያ ለመጫን ቢሞከር ከየት እንደሚወርድ አይታወቅም፤ በሌላ መንገድ ቢጫንም ተከፍቶ ይዘጋል፣ ወይም ገንዘብ መግባቱን ሳያሳውቅ ይውላል።

በአማርኛ የስልኩን አካል “ቀፎ” ማለታችን ለዚህ ችግር የተዘጋጀ ምሳሌ ይመስላል። ቀፎው ተሟልቶ መጥቷል፤ ያልመጣው ንቡ ነው። ችግሩ የገንዘብ ጉዳይ የሚሆነውም እዚህ ላይ ነው። ባለቤቱ መፍትሔ ፍለጋ ስልኩን ለማያውቀው ባለሙያ አሳልፎ ይሰጣል፤ በዚያው ስልክ ላይ ደግሞ ከሰዓታት በኋላ የወተት ሽያጭ ገንዘቡን የሚያንቀሳቅስበትን ምሥጢር ቁጥር ይጽፋል።

ስለዚህ በቅድሚያ የጎደለውን ነገር መለየት ያስፈልጋል። ብዙ ሰው የጠፋው ፕሌይ ስቶር ብቻ ይመስለዋል። ፕሌይ ስቶር ግን የሚታየው በር ነው። ከበሩ በስተጀርባ፣ በስልኩ ገጽ ላይ ምልክቱ የማይታይ፣ “የጉግል ፕሌይ አገልግሎቶች” የሚባል የፕሮግራም ስብስብ አለ። በርካታ መተግበሪያዎች መልእክት ሲመጣላቸው የሚነቁት፣ ስልኩ ያለበትን ቦታ የሚያውቁት፣ ካርታ የሚያሳዩት፣ በጂሜይል አድራሻ የሚያስገቡትና ስልኩ ያልተነካካ መሆኑን የሚያረጋግጡት በዚህ ስብስብ በኩል ነው። ይህ በሌለበት ስልክ ላይ መተግበሪያውን ብቻ አምጥቶ መጫን ውኃ ያልተሳበበት ቤት ቧንቧ እንደመግጠም ነው። ካርታውን በጉግል ላይ የመሠረተ የታክሲ መጥሪያ ይከፈታል፤ ካርታው ግን ባዶ ሰሌዳ ሆኖ ይቀራል።

አገልግሎቱ የሚጎድልባቸው ምክንያቶች ሁለት ናቸው። መፍትሔያቸው የተለያየ በመሆኑ ሊቀላቀሉ አይገባም።

የመጀመሪያው ለቻይና የውስጥ ገበያ የተሠራ ስልክ ነው። ጉግል የፍለጋ አገልግሎቱን ከቻይና ዋና ምድር ያወጣው በ2002 ዓ.ም መጋቢት ወር ነበር። ፕሌይ ስቶርም በዚያ አገር አገልግሎት አይሰጥም። በዚህም ምክንያት ሻዎሚ፣ ኦፖ፣ ቪቮና መሰል አምራቾች አንድን ስልክ በሁለት ዓይነት ሶፍትዌር ያወጡታል። አንደኛው ነጋዴዎች “ግሎባል” የሚሉት ለዓለም ገበያ የሚሸጠው ሲሆን፣ ሌላው “ቻይና ሮም” የሚባለው ነው። መልካቸው አንድ ነው፤ ዋጋቸው ይለያያል። የሚያታልለውም ይኸው ተመሳሳይነት ነው።

ሁለተኛው የሁዋዌ ጉዳይ ነው። የአሜሪካ የንግድ ሚኒስቴር በግንቦት 2011 ዓ.ም ሁዋዌን ከአሜሪካ ኩባንያዎች ጋር ያለ ልዩ ፈቃድ እንዳይገበያይ በሚከለክለው ዝርዝር ውስጥ አስገባው። ከዚያ በፊት የወጡት ሞዴሎች፣ ለምሳሌ ፒ30፣ የጉግልን አገልግሎት እንደያዙ ቀጥለዋል። በመስከረም 2012 ዓ.ም ይፋ የሆነው ሜት 30 እና ተከትለውት የመጡት እንደ ፒ40 ያሉት ግን ያለ ጉግል ተሸጡ። ሁዋዌ በምትኩ “አፕ ጋለሪ” የተሰኘ የራሱን መደብርና የራሱን አገልግሎቶች አቅርቧል። የሚገርመው፣ ኢትዮ ቴሌኮም በግንቦት 2013 ዓ.ም ሥራ ያስጀመረው ቴሌብር የተገነባው በዚሁ በሁዋዌ ቴክኖሎጂ ነው። የጉግል መቅረት የነካው በእጅ የሚያዘውን ስልክ እንጂ ከጀርባ ያለውን ሥርዓት አይደለም። ኦነር የሚባለው የስልክ ዓይነት ደግሞ በኅዳር 2013 ዓ.ም ከሁዋዌ ተሽጦ በመለየቱ ከዚያ በኋላ ለዓለም ገበያ ያወጣቸው ስልኮች ጉግልን መልሰው አግኝተዋል። ሻጭ “ኦነርና ሁዋዌ አንድ ናቸው” ቢል አይታመን።

ወደ መፍትሔው ስንመጣ፣ ቀላሉ የመጀመሪያው ዓይነት ነው። በብዙዎቹ የቻይና ሮም ስልኮች ውስጥ የጉግል መሠረታዊ አገልግሎቶች ከፋብሪካ ጀምሮ ተጭነው ይገኛሉ፤ የጠፉ ሳይሆን የተዘጉ ናቸው። በሻዎሚ ስልኮች ላይ “ሴቲንግ” ተከፍቶ “አካውንትስ ኤንድ ሲንክ” በሚለው ክፍል ውስጥ “ቤሲክ ጉግል ሰርቪስስ” የሚል ማብሪያና ማጥፊያ አለ። በኦፖና በቪቮም አካውንትን በሚመለከተው ክፍል ውስጥ ተመሳሳይ ማብሪያ ይገኛል። ስያሜው ከሞዴል ሞዴል ስለሚለያይ፣ በሴቲንግ አናት ላይ ባለው መፈለጊያ “ጉግል” ብሎ በእንግሊዝኛ ፊደል መጻፍ ከሁሉ ያቀላል። ማብሪያው ከበራ በኋላ ፕሌይ ስቶርን ራሱን በስልኩ አምራች መደብር ውስጥ ፈልጎ መጫን ይቻላል። ቀሪው ሥራ በራስ የጂሜይል አድራሻ መግባት ብቻ ነው። መረቡ ደህና ከሆነ ሁሉም በአንድ የቡና ሥነ ሥርዓት ጊዜ ውስጥ ያልቃል። ለዚህ ሥራ ጠቀም ያለ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው እየተከፈለው ያለው ለአንዲት ማብሪያ መሆኑን ባለቤቱ ቢያውቅ ይበጃል።

ከዚህ በኋላ የሚቀር ሌላ ችግር አለ፤ ብዙዎችን የሚያማርረውም እርሱ ነው። የቻይና ሮም ስልኮች ባትሪ ለመቆጠብ ሲሉ ከጀርባ የሚሠሩ መተግበሪያዎችን ቶሎ ቶሎ ይዘጋሉ። በዚህ ጊዜ የቴሌግራም መልእክትም ሆነ የባንክ ማሳወቂያ ስክሪኑ እስኪበራ ድረስ አይደርስም። ለሚፈለገው መተግበሪያ “ኦቶስታርት” የሚለውን መፍቀድና የባትሪ ገደቡን ማንሳት ያስፈልጋል። የቋንቋ ነገርም አለ። ብዙዎቹ የቻይና ሮም ስልኮች የሚያቀርቡት በዋናነት ቻይንኛና እንግሊዝኛ በመሆኑ፣ የስልኩን ዝርዝር በአማርኛ ማንበብ ለሚፈልጉ እናትና አባት የሚገዛ ሰው ይህን አስቀድሞ ማየት አለበት። የአማርኛ መጻፊያ ሰሌዳ ግን ለብቻው ሊጫን ይችላል።

አንዳንድ መደብሮች ደግሞ “ግሎባል አደርግልሃለሁ” በማለት የስልኩን ሶፍትዌር ከሥሩ ይለውጣሉ፤ በተለምዶ “ፍላሽ ማድረግ” ይባላል። በጥንቃቄ ከተሠራ ይሳካል። ዳሩ ግን የስልኩ የማስነሻ ቁልፍ እንደተከፈተ ከቀረ አንዳንድ የባንክ መተግበሪያዎች ስልኩን አናምነውም ብለው አይከፈቱም። የቻይናው ስልክ ላይ ግሎባል ሶፍትዌር ጭኖ ቁልፉን መልሶ መዝጋትም በተለይ በሻዎሚ ስልኮች ላይ ጨርሶ አልነሣ እስከማለት ያደርሳል። ማብሪያውን በማብራት የሚፈታን ችግር በፍላሽ ለመፍታት መቸኮል ትርፉ ምን እንደሆነ ግልጽ አይደለም።

ሁዋዌ ላይ እንዲህ ያለ የተደበቀ ማብሪያ የለም፤ የጎደለው ፈቃዱ ነውና። ያሉት መንገዶች ዙሪያ ጥምጥም ናቸው። አንደኛው የሚፈለገውን መተግበሪያ በአፕ ጋለሪ ውስጥ መፈለግ ነው፤ ከተገኘ ከሁሉ የተሻለው ይኸው ነው። ሁለተኛው “ማይክሮጂ” የተሰኘው ክፍት ምንጭ ፕሮግራም ነው፤ የጉግልን አገልግሎቶች ቦታ ተክቶ ከፊሉን ሥራ ያከናውናል። ሦስተኛው እንደ “ጂቦክስ” ያሉት ሲሆኑ፣ በስልኩ ውስጥ ሌላ ትንሽ ስልክ ፈጥረው የጉግል መተግበሪያዎችን በዚያ ውስጥ ያሠራሉ። ዩቲዩብ ለማየትና ካርታ ለመክፈት ይህ ይበቃል። ነገር ግን የጂሜይሉ የይለፍ ቃል በሦስተኛ ወገን ሳጥን ውስጥ እየተጻፈ መሆኑ መዘንጋት የለበትም። የባንክ ሒሳብ የተያያዘበትን ጂሜይል እዚያ ከማስገባት ለመዝናኛ ብቻ የሚውል ሌላ አድራሻ መክፈት ይሻላል። ከ2017 ዓ.ም ወዲህ በቻይና ገበያ የወጡትና አዲሱን “ሃርሞኒ ኦኤስ ኔክስት” የያዙት የሁዋዌ ስልኮች ጭራሽ የአንድሮይድ መተግበሪያን በቀጥታ አይቀበሉም፤ ከቻይና የሚላክ ስልክ ላይ ይህ ስም ከታየ ለእኛ አገር ተጠቃሚ አይመከርም።

ከሁሉም መንገድ በላይ አደገኛው የተለመደው ነው፤ ይኸውም የባንክ መተግበሪያን “ኤፒኬ” በሚባለው ፋይል መልክ ከቴሌግራም ቻናል አውርዶ መጫን። ፋይሉን ማን እንደነካካው የሚታወቅበት መንገድ የለም። የባንኩን ምልክትና ቀለም የለበሰ ሐሰተኛ መተግበሪያ ምሥጢር ቁጥሩን ተቀብሎ ለሌላ ሊያስተላልፍ ይችላል፤ የአጭር መልእክት ማንበቢያ ፈቃድ ከተሰጠው ደግሞ ባንኩ የሚልከውን የማረጋገጫ ቁጥር ጭምር። ቴሌግራምና ዋትስአፕ ያለ ፕሌይ ስቶር የሚጫኑ ፋይሎቻቸውን በራሳቸው ድረ ገጽ ላይ ያስቀምጣሉ፤ ከዚያ ማውረድ ይቻላል። ባንክን በሚመለከት ግን ፋይሉ ከባንኩ ከራሱ ካልተገኘ አለመጫን ነው።

ስልኩ እስኪስተካከል ሥራ የሚቆም የሚመስለው ካለ፣ በተራ የቁልፍ ስልክ ላይ የሚሠራው ሁሉ በዚህኛውም ላይ ይሠራል። የቴሌብር *127# እና የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ *889# የሚሄዱት በስልክ መሥመሩ እንጂ በጉግል በኩል አይደለም። የወተት ዋጋ በቴሌብር የሚቀበል የእንጦጦ ተዳፋት ላም አርቢ ገንዘቡ መግባቱን በአጭር መልእክት ያውቃል። ለገበሬዎች ምክር የሚሰጠው 8028 ነጻ የስልክ መሥመርም በ2006 ዓ.ም ሲጀመር የታሰበው ስማርት ስልክ ለሌለው ገበሬ ነበር። ይህን ጸሐፊ ካጋጠሙት የግብርና መረጃ መንገዶች ውስጥ የማይበላሸው ያ ነው።

የሚገዛ ሰው ከመደብሩ ሳይወጣ የሚሠራቸው ጥቂት ሙከራዎች አሉ። የራሱን ሲም ካርድ ያስገባል፤ ስልኩ ከመጀመሪያው እንዲጸዳ ያደርግና በራሱ ጂሜይል ይገባል። ፕሌይ ስቶር ካለው፣ በውስጡ ሴቲንግ ቀጥሎም “አባውት” የሚለውን ከፍቶ ስልኩ “ሰርቲፋይድ” መባሉን ያያል። አንድ መተግበሪያ ከዚያው ያወርዳል፤ ስክሪኑን አጥፍቶ ሌላ ሰው መልእክት እንዲልክለት ያደርግና ጥቂት ደቂቃ ይጠብቃል። ካርታ ከፍቶ የቆመበት ቦታ መታየቱን ያረጋግጣል። በመጨረሻም የአካውንቶችን ዝርዝር ከፍቶ ከእርሱ ጂሜይል ሌላ የማንም አለመኖሩን ይመለከታል። ይህ የመጨረሻው በብዛት ይረሳል። ባለሙያው “ለጊዜው” ብሎ ያስገባው የራሱ ጂሜይል ስልኩ ላይ ከቀረ፣ የስልክ ቁጥሮችና ፎቶዎች ወደ እርሱ አድራሻ ሊሄዱ ይችላሉ፤ ስልኩ ተቆልፎ በግዳጅ ሲጸዳም የሚጠይቀው የባለቤቱን ሳይሆን የባለሙያውን የይለፍ ቃል ነው። በዚያን ጊዜ ባለሙያው ሱቁን ቀይሮ ሊሆን ይችላል።

ይህ ሁሉ ሙከራ ሃያ ደቂቃ አካባቢ ይወስዳል። ሻጩ ለዚህ ጊዜ የለኝም ካለ፣ መገናኛ ላይ ሌላ የስልክ መደብር ሞልቷል።